የጎርፉን መንገድ ያላየ ተከላ ወንዝ አያድንም

በኖቬምበር 2024 (እዚህ ያሉት ዓመታት በሙሉ እንደ ጎርጎርዮሳዊው አቆጣጠር ናቸው) የዴንማርክ መንግሥት ከሰፊ የምክር ቤት አብላጫ ጋር ከበድ ያለ ስምምነት ላይ ደረሰ። እስከ 2045 ድረስ 250,000 ሄክታር አዲስ ደን ሊተከል፣ በአንድ ወቅት ረግረግ የነበረና ውሃው ተጠንፍፎ የታረሰ 140,000 ሄክታር ገደማ መሬት ደግሞ ከእርሻ ሊወጣ ተወሰነ። ለዚሁ 43 ቢሊዮን ክሮነር ገደማ ተመደበ። ከመሬቷ 60 በመቶ ያህሉ ለሚታረስ አገር ይህ ቀላል ነገር አይደለም። ዜናው ሲሰራጭ ብዙ የተወራው ስለ ካርቦንና በከብት እርባታ ላይ ስለሚጣለው ግብር ነበር። በባሕር ዳርቻዎቹ ለሚኖሩት ሰዎች ግን ሌላ ቅርብ ምክንያት አለ፤ ከእርሻ እየታጠበ የሚወርደው ናይትሮጅን አልጌ እያበዛ፣ አልጌው ሲበሰብስ ኦክስጅኑን እየጨረሰ፣ የባሕር ሰርጦቹን ታች ሕይወት አልባ አድርጎታል።

ውሳኔውን እደግፈዋለሁ። የሚያሳስበኝ በየአገሩ የዚህ ዓይነት ዕቅድ ሲወጣ ሁሉ ቁጥሩ ብቻ ሲነገር መስማቴ ነው፦ ይህን ያህል ሄክታር፣ ይህን ያህል ችግኝ። ወደ ውሃ ሲመጣ ቁጥሩ ብዙም አይናገርም። ትልቁ ጥያቄ ዛፉ የት ቆመ፣ ውሃውስ በየት በኩል አለፈ የሚለው ነው። በማሳና በወንዝ መካከል በቦታው የተተከለ 30 ሜትር ስፋት ያለው የዛፍ መቀነት፣ ራቅ ብሎ ኮረብታ ላይ ያለ ደን የማይሠራውን ሥራ ይሠራል። ያለ ቦታው የተተከለ መቀነት ደግሞ አምሮ ያድጋል፤ ጎርፉ ግን በጎኑ ሾልኮ ወንዝ ይገባል።

ውሃው ይዞት የሚሄደው

ከማሳ የሚወጣውን ውሃ በዓይናችን ነው የምንመዝነው። ከደፈረሰ መጥፎ፣ ኩልል ካለ ንጹሕ እንላለን። ይህ ግማሽ እውነት ነው። ፎስፈረስ በአብዛኛው ከአፈር ቅንጣት ጋር ተጣብቆ ይጓዛል፤ አፈሩ ሲሸረሸር አብሮ ይሄዳል፣ አፈሩ ከቆመ እሱም ይቆማል። ስለዚህ ድፍርስ ውሃ ላይ ያለን ጥርጣሬ ትክክል ነው። ናይትሬት ግን ጠባዩ ሌላ ነው። እንደ ጨው ይሟሟል፣ አፈርም አይዘውም። ብዙው ክፍል ወደ ታች ሰርጎ በከርሰ ምድር ውሃ አድርጎ ቀስ ብሎ ወንዝ ይደርሳል። ኩልል ያለ ምንጭ በናይትሬት የተሞላ ሊሆን ይችላል፤ ዓይንም ምላስም አይለየውም። የዓለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር የመጠጥ ውሃ ከ50 ሚሊግራም የበለጠ ናይትሬት እንዳይኖር ያለው በዋናነት ጡጦ የሚጠቡ ሕፃናትን አስቦ ነው። በሰውነታቸው ውስጥ ወደ ናይትራይት ተለውጦ ደማቸው ኦክስጅን እንዳይሸከም ያግዳልና።

የፎስፈረሱን ጉዳት በኦገስት 2014 የአሜሪካዋ ቶሌዶ ከተማ አይታዋለች። ከተማዋ ውሃዋን የምትቀዳው ከኤሪ ሐይቅ ነው፤ ወደዚያ የሐይቁ ጫፍ የሚፈሰው የሞሚ ወንዝ ደግሞ በእርሻ የተሸፈነ ሰፊ ተፋሰስ አቋርጦ ይመጣል። ማዳበሪያው ያፋፋው አልጌ ማይክሮሲስቲን የተባለ መርዝ አመረተና ወደ ግማሽ ሚሊዮን የሚጠጋ ሕዝብ ለሦስት ቀን ያህል የቧንቧ ውሃ እንዳይጠጣ ታዘዘ። አፍልታችሁም አትጠጡ ተባለ፤ መርዙ በእሳት አይጠፋም፣ ውሃው እየተነነ ሲሄድ እንዲያውም ይከማቻል። ወደ ደቡብ፣ ሚሲሲፒ ወንዝ ከሚገባበት የሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ፣ ኦክስጅን ያጣው የባሕር ክፍል በ2017 ከ22,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በልጦ ተገኘ። መለካት ከተጀመረ ወዲህ ከታዩት ትልቁ እሱ ነበር።

ዝናብ ሲጥል ማሳው ጠርዝ ላይ

ዛፎቹ ምን እንደሚሠሩ ለማወቅ ኃይለኛ ዝናብ ሲወርድ ማሳ ጠርዝ ላይ ቆሞ ማየትን የሚያህል የለም። መጀመሪያ ጠብታው የታረሰውን አፈር ይደበድበዋል። ጓሉ ይፈርሳል፣ ደቃቁ ቅንጣት የአፈሩን ቀዳዳ ይደፍነዋል፣ ገጹም እንደ ተለቀለቀ ወለል ይሆናል። ከዚህ በኋላ ውሃው መስረጉን ትቶ በትልሞቹ መካከል መሮጥ ይጀምራል። ቀለሙ የማሳው ቀለም ነው፤ የሚሄደው እኮ ማሳው ራሱ ነው።

ዛፎቹ ጋ ሲደርስ ቀድሞ የሚያገኘው ጥቅጥቅ ያለ ሳር ነው። እዚያ ጉልበቱ ይሰበራል፤ አሸዋውና ትንንሹ ጓል በሳሩ ግርጌ ይቀራል። ጥቂት እርምጃ ገባ ሲል የረገፈ ቅጠል፣ የበሰበሰ ጭራሮ፣ የትል ጉድጓድ፣ የሞተ ሥር ትቶት የሄደው ቀዳዳ ይጠብቀዋል። ውሃው በዚያ መካከል እየዞረ ይዘገያል፣ ከዚያም ይሰርጋል። ማሳው ላይ አልሰርግም ያለው ውሃ ከጥቂት ሜትሮች በኋላ የሚውጠው አፈር አገኘ ማለት ነው። በአሜሪካ አዮዋ ግዛት በቤር ክሪክ ወንዝ ዳር የተደረገ ልኬት፣ በዛፍና በሳር መቀነቱ ሥር ያለው አፈር ከጎኑ ካለው የታረሰ ማሳና የግጦሽ መሬት አምስት እጥፍ ያህል ውሃ እንደሚያሰርግ አሳይቷል።

ከመሬት በታች ያለው ሥራ ደግሞ ለእኔ ከጉዳዩ ሁሉ አስደናቂው ነው። ወንዝ ዳር ባለ የቆየ ደን ውስጥ አንድ ክንድ ያህል በአካፋ ሲቆፈር አፈሩ ከቡናማ ወደ ግራጫ ይለወጣል። እጅ ላይ ያሟልጫል፤ የረግረግ ሽታ ይሸታል። ያ ሽታ እዚያ ቦታ አየር ማለቁን የሚናገር ነው። በዚያ ጥልቀት የሚኖሩ ባክቴሪያዎች ኦክስጅን ሲያጡ ወደ ናይትሬቱ ይዞራሉ፤ በውስጡ ያለውን ኦክስጅን ይጠቀሙበትና ናይትሮጅኑን ጋዝ አድርገው ይለቁታል። ጋዙ ቀድሞውንም የአየራችን አራት አምስተኛ የሆነው ናይትሮጅን ነው፤ ወጥቶ ከአየሩ ይቀላቀላል። ጥቂቱ ናይትረስ ኦክሳይድ ሆኖ ይወጣል፤ እሱ ከባቢ አየርን የሚያሞቅ ጋዝ በመሆኑ ይህን ሂደት ያለ እንከን አድርጎ ማቅረብ ልክ አይሆንም። ሆኖም ለወንዙ ትልቅ ግልግል ነው። ባክቴሪያዎቹ ለዚህ ሥራ ምግብ ይፈልጋሉ። ምግባቸው ካርቦን ነው፤ ካርቦኑን በየዓመቱ በረገፈ ቅጠልና በሞተ ሥር የሚያቀርብላቸው ደግሞ ዛፉ ነው። ዛፉ ራሱ የሚመጠው ናይትሮጅን አለ፤ ከዚያ ባልተናነሰ ግን ውለታው ከሥሩ ያሉትን መመገቡ ነው።

ይህ ሁሉ በግምት የተነገረ አይደለም። በ1984 ዊሊያም ፒተርጆንና ዴቪድ ኮረል የተባሉ ተመራማሪዎች በሜሪላንድ ግዛት ሮድ ወንዝ አጠገብ ከበቆሎ ማሳ በታች ያለ የወንዝ ዳር ደን ላይ ገቢና ወጪውን ለክተው አወጡ። ወደ ደኑ ከገባው ናይትሮጅን 89 በመቶው፣ ከፎስፈረሱ 80 በመቶው እዚያው ቀረ። ማሳው ራሱ ከገባለት ናይትሮጅን በውስጡ ያስቀረው 8 በመቶውን ብቻ ነበር። ደኑ በስፋት 50 ሜትር ገደማ የሆነ ቀጭን መስመር ነው። ዛሬ ‘በፈር ዞን’ (በማሳና በውሃ መካከል የሚተው የተክል መቀነት) እየተባለ በየመመሪያው የሚጻፈው ነገር በአብዛኛው የበቀለው በዚያ ዘመን ከተደረጉ እንዲህ ካሉ ልኬቶች ነው።

ሳር ወይስ ዛፍ?

ሳር ይበቃል የሚሉ አሉ፤ ክርክራቸው ባዶ አይደለም። ቤር ክሪክ ላይ ከ1990 ጀምሮ የአዮዋ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ሰዎች ከገበሬዎች ጋር ሆነው ዛፍ፣ ቁጥቋጦና ሳር ደርድረው ተክለዋል። በ2003 ባወጡት ውጤት 7 ሜትር የሆነ የሳር መቀነት ብቻውን 95 በመቶውን ደለል ያዘ። በሳሩ ላይ ቁጥቋጦና ዛፍ ተጨምሮ ስፋቱ ከ16 ሜትር ጥቂት ሲያልፍ ደለሉ 97 በመቶ ደረሰ። በደለል በኩል ልዩነቱ ኢምንት ነው። የሟሟው ናይትሬት ላይ ግን ሳሩ 62 በመቶ ሲያስቀር ሁለቱ ተባብረው 85 በመቶ አስቀሩ፤ ጠቅላላው ፎስፈረስም ከ78 ወደ 91 በመቶ ከፍ አለ። ስፋቱም አብሮ ስለጨመረ ምስጋናውን ሁሉ ለዛፉ መስጠት አይቻልም። የሥራ ክፍፍሉ ግን ይታያል፦ ሳር ደለሉን ከላይ ይይዛል፣ ጥልቅ ሥርና ሰፋ ያለ መሬት የሟሟውን ያገኙታል። የአሜሪካ የደን አገልግሎት በ1991 ያወጣው ንድፍም ይህንኑ የተከተለ ነው። ከውሃው ዳር 4.5 ሜትር ያህል የማይነካ ደን፣ ቀጥሎ 18 ሜትር ያህል እየተቆረጠ የሚጠቅም ደን፣ ማሳው ጋ 6 ሜትር ያህል ሳር።

ዛፍ ያለው ሌላ ጥቅም ደግሞ ሳር ፈጽሞ የማይሰጠው ነው። ጥላ ውሃውን ያቀዘቅዛል፤ ቀዝቃዛ ውሃ ብዙ ኦክስጅን ይይዛል፤ ብርሃን ያነሰው አልጌ አይፋፋም። በፔንስልቬኒያ የሚገኘው የስትራውድ የውሃ ምርምር ማዕከል ባልደረቦች በ2004 ደግሞ ያልተጠበቀ ነገር ይዘው መጡ። 16 ትንንሽ ወንዞችን ሲያነጻጽሩ ደን የለበሰው ክፍል ከተመነጠረው ሰፍቶ ተገኘ። ምክንያቱ ብርሃን ያገኘው ሳር ዳርቻውን ይዞ እየገባ ወንዙን ስለሚያጠበው ነው። ሰፊው ወንዝ ብዙ ድንጋይ፣ ብዙ ቅጠል፣ ብዙ ነፍሳት ስላለው በውስጡ የሚያልፈውን ናይትሮጅን ራሱ እየተጠቀመ ይቀንሰዋል። ደኑ ውሃውን ከዳር ሆኖ ከማጣራት አልፎ ወንዙ ራሱን እንዲያጠራ ያደርገዋል። በዚህ ምክንያት የዚያው ማዕከል ሰዎች በ2014 ብዙ ጥናቶችን አገናዝበው በትንንሽ ወንዞች ዳር ቢያንስ 30 ሜትር ደን ያስፈልጋል አሉ።

የዛፉ ዓይነትም ይታሰብበት። ናይትሮጅን ከአየር የሚስቡ ዛፎች ለደከመ ማሳ መድኃኒት ናቸው፤ ውሃ ዳር ሲበዙ ግን ራሳቸው ናይትሬት ይጨምራሉ። በሰሜን አሜሪካ ምዕራብ ዳርቻ አልደር የተባለው ዛፍ በብዛት ከሸፈናቸው ተፋሰሶች በሚወርዱ ወንዞች ውስጥ ይህ ታይቷል። ውሃው ጠርዝ ላይ እንደ አኻያ ያሉ ሥራቸው ዳርቻውን አስሮ የሚይዝ፣ ወደ ውስጥ ደግሞ እድሜ ያላቸው የአካባቢው ዛፎች ቢቀላቀሉ ይሻላል።

የሚከሽፍበት ምክንያት

አሁን ወደ ዋናው ነገሬ ልምጣ። ከላይ ያሉት መቶኛዎች ሁሉ የተገኙት ውሃው ተሰራጭቶ፣ ስስ ሆኖ፣ በመቀነቱ መላ ስፋት ሲያልፍ ነው። በገበሬ ማሳ ላይ ውሃ እንዲያ አይሄድም፤ ዝቅ ያለውን ፈልጎ ይሰበሰባል። አንድ ኪሎ ሜትር ርዝመት ያለው የዛፍ መቀነት ቢኖር እንኳ የማሳው ውሃ በሁለትና ሦስት ዝቅተኛ ቦታዎች ተጠራቅሞ፣ በእያንዳንዱ አንድና ሁለት ሜትር በሆነ አፍ ሊወጣ ይችላል። በዚያ አፍ ጎርፉ ሳሩን አስተኝቶ፣ ቅጠሉን ጠራርጎ፣ ቦረቦር ቆፍሮ ያልፋል። የቀረው መቀነት ደርቆ ይመለከታል። በኔብራስካ እርሻዎች ላይ በ2002 የወጣ ጥናት፣ ውሃውን በትክክል የሚያገኘው የመቀነቱ ክፍል ካርታ ላይ ከሚታየው እጅግ ያነሰ መሆኑን አሳይቷል። ችግሩ ከጊዜ ጋር ሊብስም ይችላል፤ ለዓመታት የተያዘው ደለል በሳሩ ጠርዝ ላይ ጉብታ ይሠራና ውሃውን በጎኑ እየመራ ወደ አንድ አፍ ይወስደዋል።

ስለዚህ እኩል ስፋት ያለው ቀጥ ያለ መቀነት ለካርታ እንጂ ለውሃ አይመችም። ውሃው በሚወጣበት ቦታ ሰፋ፣ በማይወጣበት ጠበብ ማድረግ፣ ከላይ ማሳው ውስጥ ደግሞ መውረጃውን በሳር አልብሶ ጎርፉን ቀድሞ ማስከን ያስፈልጋል። ይህን ለማወቅ ብዙ መሣሪያ አያሻም። ማሳውን የሚያርሰው ሰው ጎርፉ በየት እንደሚወጣ ያውቃል፤ በየዓመቱ ዘሩን የሚወስድበት እዚያ ነውና።

ሌላው መሸሻ መንገድ ከመሬት በታች ነው። እርጥብ መሬት በሚታረስባቸው አገሮች ማሳው ሥር የማጠንፈፊያ ቱቦ ይቀበራል። ናይትሬት የተሞላው ውሃ በቱቦው ገብቶ፣ ከዛፎቹ ሥር አልፎ፣ በቀጥታ ወንዙ ውስጥ ይደፋል። ከላይ ያለው ደን ምንም ያህል ቢያምር ያን ውሃ አያገኘውም። ለዚህም መላ ተገኝቷል። በ2010 ቤር ክሪክ ላይ ቱቦውን ወንዙ ሳይደርስ ቆርጠው፣ ውሃው ከወንዙ ጎን ለጎን በተቀበረ የተበሳሳ ቱቦ እንዲከፋፈልና በመቀነቱ አፈር ውስጥ እንዲሰርግ አደረጉት። ባክቴሪያዎቹ ሥራቸውን መልሰው አገኙ።

ፎስፈረስ ደግሞ ሌላ ፈተና አለው። ናይትሮጅን ጋዝ ሆኖ ይሄዳል፤ ፎስፈረስ የሚሄድበት የለውም፣ በአፈሩ ውስጥ ይጠራቀማል። ዓመታት ሲያልፉ አፈሩ ይጠግብና የሟሟ ፎስፈረስ መልሶ መልቀቅ ይጀምራል። ከመቀነቱ ሳር እየታጨደ፣ እንጨት እየተቆረጠ ሲወጣ ፎስፈረሱም አብሮ ይወጣል፤ ‘አትንኩት’ የሚለው ጥበቃ በዚህ በኩል አይበጅም። ከሁሉ በፊት ግን ማሳው ላይ የሚበተነው ማዳበሪያ ሰብሉ ከሚፈልገው እንዳያልፍ ማድረግ ነው፤ ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው እዚህ ላይ ነው። ጠዋት ማታ ማዳበሪያ እየተረፈ የሚታጠብበትን ማሳ የትኛውም ደን ችሎ አይቀጥልም።

ስለ እንክብካቤው አጭር ነገር ልበል። የተተከለ ችግኝ የሚሞተው በአብዛኛው በመጀመሪያዎቹ ሦስትና አራት ዓመታት ነው፤ አረም ይውጠዋል፣ አይጥ ቅርፊቱን ይልጠዋል፣ ከብት ይረግጠዋል። የተተከለበትን ቀን ቆጥሮ የሚዘጋ ሪፖርት ከአምስት ዓመት በኋላ የቆመውን አይነግረንም።

መሬቱ የማን ነው?

ሕግ ብቻውን የት እንደሚያደርስ ሦስት አገሮችን ማየት ይቻላል። የብራዚል የ2012 የደን ሕግ ከ10 ሜትር በታች ስፋት ባለው ወንዝ ዳር 30 ሜትር፣ ከ600 ሜትር በላይ በሆነው ዳር 500 ሜትር ደን እንዲኖር ያዝዛል። ግን ከጁላይ 2008 በፊት ዳርቻውን ያረሱ ትንንሽ ባለይዞታዎች 5 ሜትር ብቻ መልሰው እንዲያለሙ ተፈቅዶላቸዋል። ለድሃው ገበሬ ማሰቡ ተገቢ ነው፤ ለውሃው ግን 5 ሜትር አንድ ረድፍ ዛፍ ነው። የአሜሪካዋ ሚኒሶታ ግዛት በ2015 በሕዝብ ወንዞችና ሐይቆች ዳር በአማካይ 15 ሜትር ያህል ቋሚ ተክል እንዲኖር ደነገገችና አብዛኛው ገበሬ ፈጸመው። ዴንማርክ ራሷ በ2012 በውሃ ዳር 10 ሜትር እንዳይታረስ አወጀች። ተቃውሞው በረታ፤ በ2014 ወደ 9 ሜትር ወረደ፣ በ2016 ጭራሽ ተሻረ።

የገበሬው ቅሬታ ሊደመጥ ይገባዋል። ወንዝ ዳር ያለው መሬት ብዙ ጊዜ ለሙ መሬት ነው። ጥቅሙን የሚያገኘው ከታች ያለ ከተማ ሆኖ ሳለ መሬቱን የሚያጣው ከላይ ያለው ሰው ነው። ኒው ዮርክ ከተማ ይህን ቀድማ ተረድታለች። በ1997 ከተፋሰሱ ነዋሪዎች ጋር ተስማምታ፣ በቢሊዮን ዶላሮች የሚገመት የማጣሪያ ፋብሪካ ከመገንባት ይልቅ በካትስኪልና ዴላዌር ተፋሰስ ላይ መሬት ለመግዛትና ገበሬዎች ወንዝ ዳር እንዲያጥሩና እንዲተክሉ ለመክፈል መረጠች። ከዚያ ተፋሰስ የሚመጣው ውሃ እስከ ዛሬ ያለ ማጣሪያ ፋብሪካ ይጠጣል። በሌሎች ቦታዎች ግን ክፍያው አጭር ነው። የአሜሪካ መንግሥት ለገበሬ የሚከፍልበት ውል ከ10 እስከ 15 ዓመት ይቆያል፤ ዛፉ ገና ጎልማሳ ሲሆን ውሉ ያልቃል፣ የእህል ዋጋ ከናረ መሬቱ ወደ ማረሻ ሊመለስ ይችላል። ደን የሚያስተክል ውል የደን እድሜ ሊኖረው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ዴንማርክ አሁን የትኛው ማሳ ደን ይሁን የሚለውን በየአካባቢው ባሉ ኮሚቴዎች እያስወሰነች ነው፤ ትክክለኛ ጅምር ይመስለኛል። ማዳበሪያ የሚበተንበት መሬት ደን ሲሆን የትም ቦታ ቢሆን የሚታጠበው ናይትሮጅን ይቀንሳል። ከጎረቤት ማሳ የሚመጣውንም የሚይዘው ግን በመንገዱ ላይ የተተከለው ብቻ ነው። በኮሚቴው ጠረጴዛ ላይ የተቀበሩት ቱቦዎች ካርታ ካልተዘረጋ ይህ አይታወቅም። ትዕግሥትም ይጠይቃል፤ ዛሬ ወደ ባሕር ሰርጡ ከሚገባው የከርሰ ምድር ውሃ ከፊሉ የዘነበው ከብዙ ዓመታት በፊት ነው፣ የያዘውም የያኔውን ማዳበሪያ ነው። ችግኙ በተተከለ በሦስተኛው ዓመት ወንዙን ለክቶ ‘አልሠራም’ የሚል ሰው አይጠፋም። ለዚያ ሰው መልስ የሚሰጠው በማሳውና በዛፎቹ መካከል፣ ከዚያም በዛፎቹና በወንዙ መካከል የተቆፈረ የመለኪያ ጉድጓድ ነው፤ ያ ጉድጓድ ደግሞ ከመጀመሪያው ችግኝ አንድ ዓመት ቀድሞ መቆፈር አለበት።